ያልተለካ አየር

ከአዘዞ ወደ ማራኪ አቀበቱን ስትበላ፣
አምስት ሰው ከውስጧ፣ የደንቢያ ሽምብራ ከኋላ፣
ምንም አትል፤ ታጓራለች እንጂ ኮሮላዬ አትለግምም።
ስትሮጥ ጤነኛ ናት፤ ስትቆም ነው የምትታመም።

ፒያሳ ላይ ትራፊኩ እጁን ሲያነሣብኝ፣
እኔም እግሬን ሳነሣ ትንቀጠቀጥብኝ፣
እንደ ወባ በሽተኛ ጥርሷን ታፋጭብኝ፣
ከዚያ ጭጭ።
ከኋላ የባጃጅ ጡሩምባ፣ የወያላ ሣቅ፣ ጩኸት፤
"እትዬ፣ በቅሎ ግዢ!" የሚል አንገት በመስኮት።

"ካንዴላ ነው" አለ አንዱ፤ አራቱን ለወጠ።
"ካርቡራተር ነው" አለ ሌላው፤ ፈትቶ አጥቦ ገለበጠ።
ሦስተኛው ቤንዚኑን አማ፣ "ውሃ አለበት" ብሎ፤
ሁለት ሌሊት የተሰለፍኩበትን! ወጋኝ ከሁሉ አይሎ።
ሚኒሞዋን አስጨምሬ፣ እያስጮኽኋት ክረምቱ ወጣ፤
የመስከረም እቁቤም በጭስ ማውጫዋ ወጣ።

ከቀሃ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣
አያ ስማቸው አለ፤ እጁ ግራሶ፣ ጆሮው ግን ጆሮ።
ቁልፍ አላነሣም። "አስነሺያት" አለ ብቻ።
አንድ ክንድ የጎማ ቱቦ አመጣ፤
አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ጎን
ቀስ እያለ አስኬደው።
ልጁ ራዲዮኑን ዘጋ።
ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ
እጁ ቆመ። "ስሚ" ብሎ ቱቦውን ሰጠኝ።
ሰማሁ፦ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ፉጨት፣
ቀጭን፣ የተደበቀ፣
ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚፏጭ።

በመርፌ ውሃ ቀድቶ መጋጠሚያው ላይ ጠብ፣ ጠብ አደረገ።
ሞተሩ ጠጣው፤ ፉጨቱ ለአፍታ ተሸሸገ፣
መንቀጥቀጡም ቆመ፣ ውሃው እስኪያልቅ።

"ይኸውልሽ፣ እታለም፤ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ነው።
ካርቡራተሩ ለክቶ ይሰጣታል፤
እሷ በጎን ያልተለካ አየር ትሰርቃለች።
ስትሮጥ ብዙ ስለምትተነፍስ ስርቆቱ አይታወቅም፤
ስትቆም ግን፣ ጥቂት በምትቀምስበት ሰዓት፣ ያቺው ያንቃታል።
ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?"
"ጥሩአየር።"
ሣቁ ሳል እስኪሆን ሣቀ።

ዝገት የበላቸውን ብሎኖች ናፍጣ አጠጥቶ "ይደሩ" አለ፤
"ብሎን በግድ ከፈታሽው
አንገቱን ሰጥቶሽ ገላውን ያስቀራል።"

በማግሥቱ ሰባቱ እሺ አሉ፤ ስምንተኛው ጮኾ፣ ጮኾ እጅ ሰጠ።
አሮጌው ጓርኒሲዮን ወጣ፤
ጥጉ ላይ የጥፍር ያህል ተቀዷል።
ጥፍር!
ካንዴላው፣ እቁቡ፣ በቅሎዋ፣ ሁሉ ለጥፍር።

ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወተፈ፣ ቅርፊት እንዳይወድቅባቸው፤
እንደ ብራና ፋቂ ጎንበስ ብሎ በምላጭ ፋቃቸው።
ማስመሪያ አጋድሞ ወደ ፀሐይ ያዘው፤ ብርሃን አላለፈም።
"አልተጣመመም።"

አዲሱ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሳምንት ነው።
ወረቀቱን ማኒፎልዱ ላይ አልብሶ
በመዶሻ ጫፍ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤
ብረቱ በገዛ ጠርዙ የራሱን ልክ ቆረጠ።
"ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ሚኒሞ" እያለ ልጁን ያስጠናዋል፤
ጣሊያን ሄዶ ስሞቹ ቀሩ።
ልጁ የአያቱ ቃል ይመስሉታል። ዛሬማ ናቸው።

"ከመሀል ወደ ዳር አጥብቅ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ተራ በተራ፤
አንዱን ጨርሰህ ካነቅኸው ሌላው ያኮርፋል።"
ሚኒሞዋንም ወደ ቦታው መለሰ።
ሒሳቡ? ከካንዴላዎቹ የአንዱን ዋጋ አይሞላም።

ፒያሳ። ትራፊኩ እጁን አነሣ።
እግሬን አነሣሁ።
ጠፋች ብዬ ቁልፉን ልይዝ ስል
መሪው ከመዳፌ ሥር ቀስ ብሎ ይነዝራል፤
አለች።
ዝም ብላ ቆማለች።
ትንፋሿን ሳዳምጥ፣ ጆሮዬን ወደ ታች ሰጥቼ፣
ከኋላዬ ጡሩምባው፣ ወያላው፣ የበቅሎዋ ነገር እንደገና፤
ሂጂ ተብያለሁ
ለካ።